የመሐላው ጓል

በአገራችን ለማያውቁት ሬሳም ይለቀሳል። መንገደኛ ገደል ገብቶ ቢገኝ እንኳ አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «እናትህ አልሰማች» ማለቷ አይቀርም። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ከገሳይ ከተማ በላይ ወይራ አፋፍ ከሚባለው መንደር ስደርስ ግን ሃምሳ የሚሆን ሰው በሸለቆው ጠርዝ ተደርድሮ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቁልቁል ያያል። የሚያለቅስ የለም። ሟቹ ማን እንደሆነ ሳይነገረኝ ደግ ሰው አለመሆኑን አወቅሁ።

«ሞገስ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለችኝ ሳጅን ፈንታነሽ። ቀድማኝ ወርዳ ሬሳውን ስትጠብቅ እጇ በውርጩ ቀልቷል። «የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።»

ሞገስን የማያውቅ ገበሬ በዚያ ወረዳ አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ ይዞ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። አሁን ከሸለቆው ሥር በጎኑ ተኝቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አጠገቡ ደም የነካው ረዘም ያለ ድንጋይ ወድቋል። አፉ በአፈር ተሞልቷል። ስልኩ፣ ቦርሳውና አንድ ትልቅ የጓጉንቸር ቁልፍ ከኪሱ ናቸው።

«ባዶ እግሩን ነው» አልሁ። «ጫማውስ?»

«ከላይ አፋፉ ላይ ነው። ይምጡና ይዩት።»

ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ውስጡ ገብተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ያወለቀ ሰው ነው የሚመስለው። ሲታገል የሞተ ሰው ጫማ እንዲህ አይደረደርም።

ፈንታነሽ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናት። እኔ ያደግሁት ደብረ ታቦር ከተማ፣ አስፋልት ዳር ነው፤ አፈር ለእኔ አፈር ነው። እሷ ግን ወደ ሬሳው ስንወርድ ከሟቹ ሰማያዊ ካፖርት ግራ ትከሻ ላይ የተጣበቀውን ቆንጥራ በጣቷ አሸችው።

«ይህ የዚህ ቦታ አፈር አይደለም» አለች። «እዚህ ጥቁር ዋልካ ነው። ይህ ቀይ ነው። አፉ ውስጥ ያለውም ቀይ ነው።»

ሬሳውን ያገኙት እማማ ወርቅነሽ ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ ከሸለቆው ዳር ገብስ የሚያርሱ ባልቴት።

«ላሞቼን ውሃ ላጠጣ ስወርድ አገኘሁት» አሉ።

«ጮኹ?»

«ለምን ብዬ?» አሉና ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «እኩሌታ ማሳዬን ቆርሶ ሲሰጥብኝ ጮኼ ነበር። ማን መጣ?»

ወደ ላይ ቀና ስል ከአፋፉ በስተላይ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ አየሁ። በቆርቆሮው ሥር የሚታየው አፈር ቀይ ነው።

* * *

ወደ ግቢው ሳልሄድ አለቃዬ ኮማንደር አዳነ በስልክ ጠሩኝ። ደብረ ታቦር ስደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቀኝ።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አሉ። «የሱፍ። የገሳዩ ጨርቅ ነጋዴ። እኩለ ቀን ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ ተያዘ።»

«በምን ማስረጃ?»

«ባለፈው ወር በገበያ መካከል፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ሟቹን ‹አፈር ያስበላህ› ብሎታል። ሰውየው አፈር በልቶ ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ኮማንደር፣ በዚህ እርግማን ከሆነ እናቴ እኔን በቀን ሁለት ጊዜ ገድላኛለች።»

አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አዩት። «ከላይ ተደውሏል። አቶ ደረጄ ራሳቸው ናቸው። ቅዳሜ እኩለ ቀን አርባ ስምንት ሰዓቱ ይሞላል። ፍርድ ቤት የምናቀርበው በግድያ ነው። ሌላ ሰው ካለህ እስከዚያ አምጣ፤ ከሌለህ ዝም በል።»

አቶ ደረጄ ማለት ቢሮው ከሞገስ ቢሮ በላይ፣ ወንበሩ ከሞገስ ወንበር የሰፋ ሹም ነው። ለአንድ የወረዳ ኃላፊ ሞት ይህን ያህል መቸኮሉ አልገባኝም። የሟቹን ስልክ ከፍቼ ሳይ ግን ረቡዕ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት የደወለለት የመጨረሻው ሰው እሱው ነው። ያን በልቤ ያዝሁት።

የሱፍን አውቀዋለሁ። ብርድ ልብስ ከእሱ ነው የምገዛው። ሱቁ ያለበትን ቦታ ሞገስ «ለልማት ይፈለጋል» ብሎ በቀይ ቀለም ምልክት ካደረገበት ወዲህ ግን ሰው መምሰሉ ቀርቶ ነበር።

«ሐኪሙ ሞገስ ዛሬ ንጋት ላይ ነው የሞተ ብሏል» አልሁት። «አንተ የት ነበርህ?»

«ይፋግ። ነጭ ሽንኩርት ልገዛ።»

«ከማን?»

የአንድ ነጋዴ ስም ጠራ። ፈንታነሽ ወጥታ ደውላ ተመለሰች። «ሰውየው የሱፍን ካየው ወር አልፎታል» አለች።

የሱፍ አንገቱን ደፋ። ደጋግሜ ብጠይቀውም ሌላ ስም አልጠራም። ሚስቱ መሪማ ምግብ ይዛ ከበር ቆማ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው» አለችኝ። «የት እንደነበረ አውቃለሁ። ግን አስምሎኛል።»

ውሸታም አልወድም። ግን ለሌላ ሰው ብሎ የሚዋሽ ሰው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አውቃለሁ፤ የሱፍ ፊት ላይ አየሁት።

* * *

ከቀትር በኋላ ወደ ቆርቆሮው ግቢ ተመለስን። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ከሬሳው ኪስ ያወጣሁትን ቁልፍ ሞከርሁት። ልክ ሆነ።

ከውስጥ አንድ ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልለው፣ እጃቸውን ከጋቢው ሳያወጡ ብድግ አሉ። ዘበኛው አያ ወርቁ ናቸው።

«ቆልፎብዎት ነበር?» አልኋቸው።

«ጌታዬ ማታ ማታ ቆልፈውብኝ ይሄዳሉ። ጠዋት መጥተው ይከፍቱልኛል።»

«ዘበኛ ከውጭ ይቆለፍበታል እንዴ?»

«እንዳልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«እኔስ ወዴት እሄዳለሁ» አሉ። «ዛሬ ሳይመጡ ቀሩ። ደኅና ናቸው?»

መሞቱን ነገርኋቸው። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ዛሬ ዳመና ነው የሚል ሰው ድምፅ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ፈንታነሽ ዳቦ ሰጠቻቸው። በግራ እጃቸው ተቀብለው ወዲያው ወደ ጋቢው አስገቡት።

ግቢው ሰፊ ነው። መሬቱ ቀይ፣ ሣሩ ዝቅ ያለ፣ አንድ ጥግ ላይ የፈረሰ የጎጆ ቤት መሠረት አለ። በስተታች በቆርቆሮው ሥር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፋል። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቀዩ አፈር ከዚህ መውጣቱን ተረዳሁ፤ ግን ግቢው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከሟች ኪስ ተገኝቷል፣ ያለው ሰው ደግሞ እንደ በሬ የተቆለፈበት ሽማግሌ ነው። ግቢውን ትተን ወረድን። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዓርብ ጠዋት የመሬት ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ቤት አስከፈትሁ። የወይራ አፋፍን ማኅደር አውጥቼ ገጽ በገጽ አየሁ። እማማ ወርቅነሽ እኩሌታ ማሳቸውን «በፈቃዳቸው» ለቀዋል። የሱፍ ሱቁን ሊለቅ «ተስማምቷል»። አሥራ ሰባት ሰው፣ አሥራ ሰባት ፈቃድ። አገሩ በሙሉ መሬቱን ለመስጠት ሲሽቀዳደም ነበር ማለት ነው። ገዳይ መፈለግ ትቼ ያልገደሉበትን ምክንያት አሥራ ሰባቱን ብጠይቅ ይቀል ነበር።

የቆርቆሮው ግቢ ወረቀት ከሥር ነበር። ተቀባዩ የአቶ ደረጄ ወንድም ነው። ለቃቂው «እኔ ወርቁ ይህን የአባቴን ይዞታ ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ወፍራም የአሻራ ምልክት፣ ከአሻራው ጎን «የቀኝ አውራ ጣት» የሚል ጽሑፍ። ምስክሩ ሞገስ ራሱ።

«ወርቁ?» አለች ፈንታነሽ። «ዘበኛው?»

ሰውየውን በገዛ መሬቱ ላይ ዘበኛ አድርገው ቀጥረውታል። ከዚያም ማታ ማታ ይቆልፉበታል። ወረቀቱን ከማኅደሩ አወጣሁና በፈንታነሽ ፊርማ ለምርመራ ተረከብሁት።

* * *

ከመዝገብ ቤት ወጥተን ወደ እማማ ወርቅነሽ ሄድን። የገረመኝ ጫማው ነው። ለምን ያወልቃል?

«ባዶ እግሩን? ትከሻው ላይ አፈር?» አሉ ባልቴቷ። ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። «ልጄ፣ ይህማ መሐላ ነው።»

«ምን ዓይነት መሐላ?»

«ድንበር ሲጣሉ የሚማል። ከሚጣሉበት መሬት ጓል ይነቀላል፣ ሣሩ እንዳለ። የሚምለው ሰው ጫማውን አውልቆ ጓሉን በግራ ትከሻው ይሸከምና ድንበሩን ይዞራል። ዞሮ ሲጨርስ ‹በሐሰት ከማልሁ ይህ አፈር ይብላኝ› ይላል። አባቴ ሲያስምሉ አይቻለሁ።»

ፈንታነሽና እኔ ተያየን።

«ጓሉስ የት አለ?» አሉ እማማ ወርቅነሽ።

«ጓል አላገኘንም።»

«እንግዲያ ተመልሷል። ያስማለው ሰው ወደ ነቀለበት መመለስ አለበት። አፈር የትም አይጣልም። ያልመለሰ ሰው እህሉ አይበቅልለትም፣ ልጁ አያድግለትም።»

«ሰው ገድሎም ቢሆን?»

እንደ ሕፃን አዩኝ። «ሰው መግደል ሌላ፣ አፈር መጣል ሌላ» አሉ።

ሲመሽ ጣቢያ ስመለስ መሪማ ጠበቀችኝ። ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «መሐላዬን አፈረስሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች።

ባሕር ዳር የተሰጠ አቤቱታ ቅጂ ነው፤ ረቡዕ የደረሰበት ማኅተም አለው። ሠላሳ አንድ ሰው ፈርሞበታል። ይዞ የሄደው የሱፍ ነው። ያደረበትን አልቤርጎ ስም ነገረችኝ። ባለቤቱ በስልክ «አዎ፣ ሐሙስ ንጋት ሶላቱን ሰግዶ ሻይ ጠጥቶ ነው የወጣ» አለ።

የሱፍን ከእስር ክፍሉ አስጠራሁት። «ይህን ብትናገር ሐሙስ ዕለት ቤትህ ታድር ነበር» አልሁት።

«ሠላሳ አንድ ስም አለበት» አለ። «ሞገስ ሞተ። ሌላ ሞገስ ነገ ይሾማል። ሰዎቹን ለማን ጥዬ?»

ኮማንደር አዳነ የአልቤርጎውን ባለቤት ቃል አልተቀበሉም። «የስልክ ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ነገ እኩለ ቀን» አሉ። አቶ ደረጄ የሱፍን የሚፈልገው ለሞገስ ደም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። አቤቱታ አድራሹ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ አቤቱታውን ማን ያነበዋል?

* * *

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወይራ አፋፍ ነበርን። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። አያ ወርቁ በሩ ተከፍቶላቸውም አልሄዱም፤ የፈረሰው ጎጆ መሠረት ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ።

ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ ግቢውን ታስስ ጀመር። ብዙ አልፈጀባትም። ከጎጆው በስተቀኝ ሣሩ የጠወለገ አንድ ጓል አገኘች። ቦታው ላይ በደንብ ተገጥሟል፣ ዙሪያውም በእጅ ተጠቅጥቋል፤ ግን ሥሩ ስለተቆረጠ ሣሩ ደርቋል። አነሣችው። ከሥሩ የሰማያዊ ሱፍ ክር ተጣብቆበታል።

የምፈልገውን አገኘሁ፤ ግን አልተደሰትሁም። ሞገስ ሲሞት ጓሉ ከእሱ ጋር ውጭ ነበር። አሁን ከተቆለፈ ግቢ ውስጥ ነው። ከሞገስ ሞት በኋላ የገባ ሰው አለ፤ የወጣ ግን የለም። ወደ ቦዩ ሄድሁ። በቆርቆሮው ሥር ሰው በደረቱ ሊያልፍበት ይችላል፤ ጭቃው ላይ የክርን ምልክት አለ።

«አያ ወርቁ» አልሁ። «ይህን ቦይ ማን ቆፈረው?»

«እኔ» አሉ። «አጥሩ ሳይኖር። ጎርፉ ገብሴን እንዳይወስደው።»

«ጓሉንስ?»

ጓሉን በፈንታነሽ እጅ ላይ አዩት። «ይይዛል ብዬ ነበር። ዝናብ ቢያገኝ ይይዝ ነበር» አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እሳቸው ናቸው የቀጠሉት።

«ረቡዕ ማታ መጡ። ‹አመልካቾች ባሕር ዳር ደርሰዋል፣ ደረጄ ደውሎ ነግሮኛል፣ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ መሬቱን ወድጄ ነው የሰጠሁ በል› አሉኝ። እሺ ጌታዬ አልሁ። ብቻ ልቤ እንዲያርፍ ጓሉን ተሸክመው ድንበሩን ይዙሩልኝ፣ ይማሉልኝ፣ ከዚያ ያሉኝን እላለሁ አልሁ። ሳቁ። ‹ይህችው ናት?› አሉ። ንጋት ላይ ሰው ሳይነሣ መጥተው ከፈቱልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጫማቸውን አፋፉ ላይ አወለቁ። ዞርን። ድሮ የድንበር ድንጋይ የነበረበት ሁሉ ጉድጓድ ሆኗል፤ እሳቸው ናቸው ያስነቀሉት። አንዱ ድንጋይ ግን አፋፉ ላይ ወድቆ ነበር። እዚያ ስንደርስ ማል አልሁት።» እስካሁን «እሳቸው» ይሉ የነበሩት ሽማግሌ በዚህ ላይ አንቱታውን ጣሉት። «‹ይህን መሬት በግፍ ወስጄ ከሆነ አፈሩ ይብላኝ› አለ። እየሳቀ ነው ያለው፣ ልጄ። ጓሉን ከትከሻው ተቀበልሁትና ቆሜ ጠበቅሁ። አፈር ይበላል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ሰማዩን አየሁ፣ መሬቱን አየሁ። ምንም የለ። እሱ ጫማውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አፈሩ ዘገየ። እኔ ረዳሁት።»

ፈንታነሽ ፊቷን አዞረች።

«ጓጉንቸሩ ላይ በተወው ቁልፍ በሩን ቆለፍሁና ወደ ወደቀበት ወርጄ ቁልፉን ከኪሱ መለስሁ። ተንኮሉን ከእሱ ነው የተማርሁ። በቦዩ ገባሁ። ጌታ የሌለበት አንድ ቀን በመሬቴ ላይ ልዋል ብዬ ነው።»

«ጓሉን ወንዝ ቢጥሉት ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

«በሐሰት የማለ እሱ» አሉ። «መሬቱ ምን በደለ?»

«በእርስዎ ፈንታ የገሳዩ የሱፍ ታስሯል። ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ከተገናኘን ጀምሮ ሲደነግጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ማን ይነግረኛል እዚህ?» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «በል እንሂድ። ምን ትጠብቃለህ?»

* * *

ቃላቸውን ጣቢያ ውስጥ ጻፍሁ። በሩ ከመቆለፉ ጀመሩ፣ ወደ ድንበር ድንጋዮቹ ሄዱ፣ የእማማ ወርቅነሽን ማሳ አነሡ፤ አሥራ ሰባቱንም በየተራ ጠሩ። አላቋረጥኋቸውም። አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የግድያ መዝገብ ግን ዐቃቤ ሕግ ያነበዋል፣ ዳኛ ያነበዋል፣ አንድ ገጽ ቢጎድል ይጠየቃል። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። መርማሪ እንዲህ ማለቱ ነውር ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ከእኩለ ቀን በፊት ኮማንደር አዳነ ገቡ። የሱፍ ከሚስቱ ከመሪማ ጋር ከኋላቸው ቆሟል፤ ሌላ ሰው አምኖ ስለተገኘ ሊለቁት ግድ ሆኖባቸዋል። የወረቀቱን ብዛት ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ገድያለሁ ካለ አንድ ገጽ ይበቃል» አሉ። «የመሬቱን ነገር ምን አመጣው?»

«ምክንያቱ ነው፣ ኮማንደር። ምክንያት የሌለው ግድያ ዳኛ አይቀበልም።»

«ምክንያትማ የለውም። መሬቱን በፈቃዱ ለቋል። አሻራው አለ።»

የቃል መቀበያውን የመጨረሻ ገጽ ወደ ሽማግሌው አዞርሁት። ከሥሩ «የቀኝ አውራ ጣት አሻራ» ይላል። ፈንታነሽ የቀለሙን ሳጥን ከፈተች።

አያ ወርቁ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። አራት ጣት ነው። አውራ ጣት መሆን ያለበት ቦታ ላይ ያለው አሮጌ፣ ለስላሳ ጠባሳ ብቻ ነው።

«ልጅ ሆኜ ገብስ ሳጭድ ማጭድ ወሰደው» አሉ። «ግራውን ልስጥህ?»

ከማኅደሩ የወሰድሁትን የመልቀቂያ ወረቀት አውጥቼ ከእጃቸው አጠገብ አኖርሁት። የቀኝ አውራ ጣት፣ ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ የሞገስ ፊርማ።

«ሦስት ዓመት ከደጁ ቆሜ» አሉ ሽማግሌው፣ «አንድ ቀን እጄን አላየውም።»

ኮማንደሩ ወረቀቱን ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ። ፈንታነሽ ቀደመቻቸው፤ የመዝገቡን ቁጥር ጽፋበት፣ ማኅተም መትታበት፣ የሱፍና መሪማ እያዩ ከቃሉ ጋር ሰፋችው።

«ታዲያ ይህ የማን ጣት ነው?» አሉ ኮማንደሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እኩለ ቀን ሆኗል። ማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ኮማንደሩ አላነሡትም፤ እኔ አነሣሁት።

«ጨረሳችሁ?» አለ አቶ ደረጄ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል» አልሁት። «ሰኞ ጠዋት ከወንድምዎ ጋር ጣቢያ ይቅረቡ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጣቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ።»